ለባለሙያው ያልተነገረ ግድግዳ

ሰው የሚገናኝበትን ቦታ ቢመርጥ ኖሮ፣ እኔ ከጋሽ ጉተማ ጋር በሚስማርና በቀለም ባልዲ መካከል ቆሜ ያን ያህል ባልቆየሁ ነበር። ነገሩ ግን በዝናብ ሆነ። ከሳሪስ አቦ ወረድ ብሎ ሙህዲን የሚባል ቅን ሰው የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ለሚያንጠባጥብ ቧንቧዬ ላስቲክ ልገዛ ገብቼ ልወጣ ስል ሰማዩ ተቀደደ። የሐምሌ ዝናብ መሆኑ ነው፤ አስፋልቱ ወዲያው ጎርፍ ሆነ፣ ታክሲውም እግረኛውም ባለበት ቆመ።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ እያራገፉ ገቡ። ጋሽ ጉተማ ነበሩ። አባታቸው ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት የነበረውን መሬት ከተማው ሲደርስበት፣ በእጃቸው የቀረችውን ግቢ ዙሪያዋን ክፍል ሠርተው ያከራያሉ። ልጆቻቸውን በየተራ ስላስተማርኩ ያከብሩኛል፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ ኪራይ ለዘገየበት ተከራይ የሚታገሡ ሰው ናቸው። በአንድ ነገር ላይ ግን ግትር ናቸው፤ በእጅ ባለሙያ ላይ።

ከኋላቸው ዣንጥላዋን እያጠፈች የወንድማቸው ልጅ ቢፍቱ ገባች። ቢፍቱ የግንባታ ሥራ አመራር ተምራ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎቹ ማኅበር ቀጥሯት የሕንፃዎቹን ጥገና ታስተባብራለች። በዕረፍት ቀኗ አጎቷን ልትጠይቅ ስትመጣ መንገድ ላይ አግኝታቸው አብራቸው መጥታለች።

ጋሽ ጉተማ ከኪሳቸው አንዲት የቧንቧ ማጠፊያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሙህዲን፣ ይህቺን ቀይርልኝ። ከገዛሁት ቧንቧ ጋር አትገጥምም አለኝ ሰውየው።»

ሙህዲን ፈገግ አለ። «ጋሽ ጉተማ፣ ጠዋት ስፋቷ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅዎት፣ አውራ ጣትዎን አሳይተው ይህን ታክላለች አሉኝ። ቧንቧ ሠሪውን ሉቃስን ራሱን ይላኩት ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ዕቃ እንዲገዛ ሉቃስን ልላክ? ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል?»

«ሉቃስ ጅብ አይደለም አባቴ። ስንት ዘመን ነው የማውቀው» አለ ሙህዲን፤ ከሽማግሌ ጋር መከራከር ስላልፈለገ ማጠፊያዋን ይዞ ሌላ ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባ።

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝምና ጠየቅሁ። «ምን ተበላሽቶ ነው ጋሽ ጉተማ?»

«የሐጀራ ክፍል ነው ቲቸር። ግድግዳው ከግንቦት ጀምሮ ውሃ ያለቅሳል። አንዲት ሕፃን አለቻት፤ እርጥበቱ ለደረቷ አልተስማማትም፣ ሌሊቱን ስትስል ታድራለች። ነሐሴ ሳይገባ ካልደረቀ እንለቃለን ብላኛለች። ባሏ እዚሁ ሳሪስ ልብስ ይነግዳል። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ቢሄዱብኝ ይከፋኛል።»

«ይህ ግድግዳ ባለፈው ዓመትም አልተሠራም እንዴ?» አለች ቢፍቱ።

«ባለፈው ዓመት ከውሲ የሚባለው ሠራው። ካቻምና ሌላ ሰው ሠራው። ሁሉም ይሠሩታል፣ ሁሉም ይሄዳሉ፣ ግድግዳው ደግሞ ለክረምቱ ቀጠሮ ያለበት ይመስል ይመለሳል። አሁን እሺ ብሎ የመጣልኝ ሉቃስ ብቻ ነው። ሌሎቹ ስደውል አያነሱም።»

ለምን እንደማያነሱ እኔ አውቅ ነበር፤ ሰፈሩም ያውቃል። ቢፍቱ ግን በአክብሮት፣ ከሥሩ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ሉቃስ ሲመጣ ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ግድግዳውን አሳየሁትና እየው አልኩት።»

«ከውሲ አምና የት ጋ እንደከፈተው፣ ምን እንደቀየረ አልነገሩትም?»

«ለምን ብዬ?» ጋሽ ጉተማ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ተረት እንደሚከተል ለሚያውቃቸው ግልጽ ነው። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም። ባለሙያ ነኝ ካለ ራሱ ያግኘው። ካላገኘው ባለሙያ አይደለም። እኔ በገበያ በሬ ስገዛ ሻጩ የበሬውን ነውር ይነግረኝ ነበር? ጥርሱን ገልጬ፣ ሰኮናውን አንስቼ፣ ሲራመድ አይቼ ነው የማውቀው። እንዲያ ነው ሰው የሚፈተን።»

በልቤ፣ ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ አልኩ፤ ተረት ሲመጣ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ አፉ ይያዛል። ቢፍቱ ግን ያደገችው እዚያው ግቢ አጠገብ ነው።

«እውነት ነው ጋሼ። በሬ ሲገዙ የሚፈተኑት እርስዎ ነዎት። ሉቃስ ግን በሬዎን ሊገዛ አልመጣም፤ ሊያክምልዎት ነው የመጣው። በሬዎ ታሞ ቢሆን የከብት ሐኪሙን ምን እንደበላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተኛ አልነግርህም፣ ራስህ እወቅ ይሉት ነበር?»

ሽማግሌው እጃቸውን አወናጨፉ። «በሬ ሌላ ነው። በሬ ይሞታል። ግድግዳ አይሞትም።»

«ግድግዳ አይሞትም፤ ሐኪሙ ግን በባዶ ይደክማል። ከውሲ የከፈተውን ሉቃስ ደግሞ ይከፍታል፣ ከውሲ የተሳሳተውን ሉቃስም ይሳሳታል። በየዓመቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የነበሩት የእርስዎ እናት አይደሉም እንዴ?»

«እናቴን ተያት!» አሉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሙህዲን ጓዳ ውስጥ ካርቶን ሲያገላብጥ ይሰማል። ጋሽ ጉተማ አንድ የጀሶ ከረጢት ላይ ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ፤ ዳኛ መፈለጋቸው ነው።

«ቲቸር፣ አንቺ ፍረጂ። እኔ ባለሙያ ጠላሁ? ስንቱን አይቻለሁ! አንዱ ቀብድ ተቀብሎ እንደወጣ ቀረ። አንዱ ሽንት ቤቱን አፍርሶ፣ ነገ እመጣለሁ እያለ ተከራዮቼን በጎረቤት ሽንት ቤት አስለመነ። እና ራሱ ላይ ካልቆምኩ፣ ዕቃውን ራሴ ካልገዛሁ፣ ምን ላድርግ?»

ፍረጂ ከተባልኩ አይቀር የማምነውን ተናገርኩ። «ጋሽ ጉተማ፣ ያሉት ሁሉ በዚህ ሰፈር ይደረጋል። ነገ እመጣለሁ የሚል ባለሙያ የእኔንም ፀጉር አሸብቶታል። ነገር ግን አጭበርባሪው ስለበደለዎት ቅጣቱን የሚቀበለው ታማኙ ሆነ። አጭበርባሪውማ ቢቆሙበትም ባይቆሙበትም ያው ነው፤ ማታ ይጠፋል። ቆመው ሲጠብቁት የሚያዝነው፣ እንዲህ ካልታመንኩ ብሎ በሚቀጥለው ስልክ የማያነሳው፣ ያ ደህናው ነው።»

ቢፍቱ ቀጠለች። «እኛም ገላን ስንጀምር እንዲሁ ነበርን ጋሼ። የመጣውን ሁሉ እንደ ሌባ እናየው ነበር። በኋላ ግን መጠርጠሩን ከሥራው በፊት አደረግነው። ማን ቤት ሠራህ ብለን እንጠይቃለን፣ የሠራበትን ሄደን እናያለን፣ ያ ቤት የሚኖረውን ሰው እናነጋግራለን። ከዚያ የሚሠራው ይህ ነው፣ የሚያልቀው በዚህ ቀን ነው ብለን ከምስክር ጋር እንስማማለን። አንዴ ካመንነው በኋላ ግን ራሱ ላይ አንቆምም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥሩን እንለዋለን፤ ግድግዳውን መልሶ ከመድፈኑ በፊት። ውስጡን እናያለን፣ በስልካችን ፎቶ እናነሳለን፤ ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ የት ምን እንዳለ ያያል።»

«ፎቶ!» አሉ ጋሽ ጉተማ። «የቧንቧ ፎቶ! ሰርግ ነው እንዴ?»

እኔም ሳቅሁ፤ ቢፍቱም ሳቀች። ሳቁ ግን ክርክሩን አለዘበው እንጂ አልጨረሰውም።

«ሌላ ልጠይቅዎት» አለች። «እግረ መንገድህን የምትለውን ቃል ሉቃስ ላይ ስንት ጊዜ ይናገራሉ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። ይህቺን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ባለሙያው ለአንድ ቧንቧ ይጠራል፤ ሥራው ሲያልቅ፣ እግረ መንገድህን ይህቺን በር አስተካክላት፣ እግረ መንገድህን ጣሪያው ላይ ወጥተህ እያት ይባላል። ለተጨማሪው ሥራ ዋጋ መጠየቅ ደግሞ እንደ ስግብግብነት ይቆጠራል። የጋሽ ጉተማ ስልክ ሲጠራ ባለሙያው ሁሉ መስማት የሚሳነው በዚህ ነው።

«ትንሽ ነገር ናት» አሉ በቀስታ። «ሰው ለሰው ትንሽ ነገር ቢያደርግ...»

«ለእርስዎ ትንሽ ናት፤ ለእሱ ሌላ ደንበኛ የሚጠብቅበት ከሰዓት በኋላ ናት። አስቀድመው ሦስት ነገር አለኝ ቢሉት ለሦስቱም ተዘጋጅቶ ይመጣል። እርስዎ ግን የሚያውቁትን ይደብቁታል፣ የማያውቀውን ይጨምሩበታል። ደግሞ ሐጀራን ምን እንዳሏት ሰምቻለሁ።»

«ምን አልኳት?»

«ከባለሙያ ጋር አታውሪ።»

«አዎ፣ ብያታለሁ!» አሉ ቀና ብለው። «የግቢዬ ሕግ ነው። ተከራይ ከባለሙያ ጋር ካወራ ነገር ይበዛል። አንዷ ድሮ ሠራተኛውን ይዛ፣ ይህንንም ቀይርልኝ ያንንም ቀይርልኝ ብላ ቤቱን ገለበጠችው። ቤቱ የእኔ ነው፤ የሚናገረው አፍም አንድ ይሁን አልኩ። ይህ ጥፋት ነው?»

«ማዘዝ የእርስዎ ብቻ ይሁን፤ ያ ተገቢ ነው። ያየችውን መናገር ግን ማዘዝ አይደለም። ከግድግዳው ጋር የምታድረው ማን ናት?»

«እሷ ናት።»

«ቧንቧ ሲከፈት ነው የሚረጥበው፣ ዝናብ ሲጥል? ከላይ ነው የሚጀምረው፣ ከታች? ይህን ከሷ ሌላ ማን ያውቃል? እርስዎ በዚያ ክፍል አድረዋል?»

 ያን ጊዜ የጋሽ ጉተማን ፊት ሳየው፣ መሸነፍ የጀመረ ሰው ፊት ሳይሆን የጎደለ ነገር የሚፈልግ ሰው ፊት ነበር። ክብራቸውን የምታቆም አንዲት ምሳሌ ይፈልጉ ነበር፤ አገኟትም። ምነው ባላገኟት እንዳልል፣ ማግኘታቸው ነው ነገሩን ሁሉ ያወጣው።

«ስሚ» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ሳልነግረው፣ ሳላስተምረው፣ ቁጭ ብሎ የሠራልኝ አንድ ጎበዝ ነበር። የመብራት ሠራተኛ። ከቆጣሪው ወደ ኋላ ክፍሎች መስመር ሳብልኝ አልኩት። ቱቦ ግዙ ምን ግዙ አላለኝም። ሽቦውን ግድግዳው ውስጥ አጋድሞ ልስን ደፈነበት፤ በአንድ ከሰዓት ጨረሰ። ይኸው እስከ ዛሬ ይበራል። ባለሙያ ማለት እሱ ነው!»

የቢፍቱ ፊት ተለወጠ።

«ሽቦውን በቱቦ ሳይከተው? እንዲያው በልስኑ ውስጥ?»

«አዎ።»

«በየትኛው ግድግዳ ነው የሄደው ጋሼ?»

«በኋለኛው ነዋ። በእነ ሐጀራ።»

«በሚያለቅሰው ግድግዳ?»

ጋሽ ጉተማ ከተቀመጡበት የጀሶ ከረጢት ተነሡ።

«ሉቃስ አሁን ምን እየሠራ ነው?» አለች። አክብሮቷን አልተወችም፤ ድምፅዋ ግን ደርቋል።

«ሥራ ፈትቶ ከሚጠብቀኝ ብዬ... እስክመለስ ግድግዳውን በመሮ ክፈት ብዬው ነው የወጣሁ።»

«ሽቦ እንዳለበት ያውቃል?»

«ከየት ሊያውቅ?»

«መብራት ከቆጣሪው እንዲያጠፋ ነግረውታል?»

«አልነገርኩትም» አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ደገሙት። «ለብልህ አይነግሩም ብዬ... አልነገርኩትም።»

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ መብራት የማውቀው ማንም የሚያውቀውን ያህል ነው። እርጥብ ግድግዳ፣ የብረት መሮ፣ ውሃ የተኛበት ወለልና ልባሱ የበሰበሰ ሽቦ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ግን ምህንድስና አያስፈልግም።  ሉቃስ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ በትርፍ ሰዓቱ የሰንበቴ ጽዋ ቤት በር የሚጠግን፣ እኔም ቤት ገብቶ የሠራ ሰው ነው።

ጋሽ ጉተማ ስልካቸውን አወጡ። ቢፍቱ ተቀብላ ደወለች። ጠራ። ጠርቶ ቆመ። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ጠርቶ ቆመ።

«በመዶሻው ድምፅ አይሰማው ይሆናል» አልኩ፤ ራሴን ለማጽናናት ነው።

«የሐጀራን ቁጥር ይስጡኝ» አለች ቢፍቱ።

«የለኝም።»

«እንዴት የለዎትም?»

«የተከራይ ስልክ ምን ያደርግልኛል፣ ግቢዬ ውስጥ አይደለች?» አሉ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ድምፅ ተሰበረ። ያሳዝኑ ነበር። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጥንቃቄ ብሎ የገነባው ነገር ሁሉ፣ አንዱ አፍ፣ የተዘጋው የተከራይ በር፣ የተደበቀው ነገር፣ በአንድ ጊዜ ፊቱ ቆሞ መንገድ ሲዘጋበት አየሁ።

ሙህዲን ጫጫታውን ሰምቶ ከጓዳ ወጣ፤ ነገሩን በሁለት ቃል ነገርነው። «የባለቤቷ ወዳጅ ነኝ፤ የሷም ቁጥር አለኝ» አለና ወዲያው ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አቤት ጋሽ ሙህዲን» አለች ሐጀራ። ከጀርባዋ የዝናብ ድምፅ አለ፤ የመዶሻ ድምፅ የለም።

ጋሽ ጉተማ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ሐጀራ፣ እኔ ነኝ። ጉተማ ነኝ። ሉቃስ የት ነው?»

«እዚህ ነው ጋሼ።»

«ደህና ነው?»

ከስልኩ ሕፃኗ ስትስል ተሰማ። ያን ሳል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ደህና ነው። አረፍ ብሎ ነው።»

«መብራት አለ?»

«የለም። ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

 ሐጀራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከባለሙያ ጋር አታውሪ ብለውኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ግድግዳው ሲረጥብ ይነዝረናል። ለእርስዎም ነግሬዎት ነበር፤ እርጥበት ነው፣ አትንኪው፣ ውሃው ሲቆም እሱም ይቆማል አሉኝ። ሰውየው መሮውን ሊያሳርፍ ሲል አላስቻለኝም፤ ነገርኩት። እሱም ሄዶ ከቆጣሪው አጠፋው። ሲከፍተው ሽቦ ተገኘ። ጋሼ፣ ስለ ተናገርኩ እባክዎ አያስወጡን። ልጅቷ አሟታል፣ በዚህ ዝናብ የት እንሄዳለን?»

 ሙህዲን በለሆሳስ አልሐምዱሊላህ አለ። ቢፍቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ጉተማ ግን ከጠረጴዛው ቀና ሳይሉ፣ ጋቢያቸው ወለል ላይ ወድቆ፣ ስልኩን እያዩ ቀሩ። ሐጀራ ሃሎ፣ ሃሎ ትላለች።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «መጣሁ። ሉቃስ እንዳይሄድ ለምኚልኝ።»

ዝናቡ ሳያባራ በባጃጅ ሄድን። ሙህዲን የተገኘችውን ማጠፊያ ሰጥቶን ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣ አንተ ቆይ አልነው። 

ግቢው ከቃሊቲ መናኸሪያ በስተጀርባ ነው፤ አፈሩ ዋልካ ስለሆነ በክረምት ጫማ ይይዛል። ሉቃስ የሐጀራ በረንዳ ላይ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። መሣሪያዎቹን ከረጢት ውስጥ ከቷል። ሐጀራ ልጅዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ የጋሽ ጉተማን ዓይን ሸሸች።

ገብተን አየነው። ቧንቧው ከጎኑ ተሰንጥቋል፤ ከቧንቧው ሥር፣ ጣት የማያስገባ ርቀት ላይ፣ ልባሱ የተላጠ ሽቦ በጭቃው ውስጥ ተጋድሟል። መሮው ሊያርፍ የነበረበት ምልክት በቀረው ልስን ላይ በእርሳስ ተሥሏል። ምልክቱ በቀጥታ በሽቦው ላይ ያልፋል።

«ጋሽ ጉተማ» አለ ሉቃስ ቆሞ። የሚጮህ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸም። «ሰው ሲሞት ለልጆቹ ምን ይባላል? ሳይነገረው ቀርቶ ሞተ ይባላል? እኔ ሥራውን አልቀጥልም። የእስካሁኑንም ይተዉት። ደህና ይዋሉ።»

ጋሽ ጉተማ መንገዱን አልዘጉበትም። ዘወር ብለው መጀመሪያ ወደ ሐጀራ ሄዱ፤ ይህን ነው ከሁሉ በላይ የማከብርላቸው።

«ልጄ፣ ይቅርታ ጠየቅሽኝ» አሉ። «ሰው አዳንሽና ይቅርታ ጠየቅሽኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ይቅርታውን መልሼልሻለሁ፤ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ከዛሬ ወዲያ ያየሽውን ለማንም ተናገሪ። ለእኔ ከነገርሽኝ ደግሞ፣ እስክሰማሽ ድረስ ንገሪኝ።»

ሐጀራ ልጅዋን ጠበቅ አድርጋ አለቀሰች።

ከዚያ ወደ ሉቃስ ተመለሱ። «ሉቃስ፣ ብትሄድ መብትህ ነው። ከመሄድህ በፊት ግን የምነግርህ ነገር አለ። የምነግርህ እንድትቆይ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ትነግርልኛለህ። ና።»

ዝናቡ እየመታቸው ቤቱን መዞር ጀመሩ፤ ሉቃስም ከረጢቱን እንዳንጠለጠለ ተከተላቸው። እኔና ቢፍቱ ከበረንዳው እንሰማለን። ሽቦው ከቆጣሪው ተነሥቶ የት የት እንዳለፈ በዘንጋቸው እያመለከቱ አሳዩት። ከውሲ አምና የቀየረው የትኛውን እንደሆነ፣ ካቻምና የነበረው ሰው ደግሞ የትኛውን በጨርቅ ጠምጥሞ እንደደፈነ ነገሩት። የኋለኛው ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ሥር ያባቴ የእህል ጉድጓድ ነበር» አሉ። «በአፈር ሞላሁትና ግድግዳ አቆምኩበት። ለማንም አልነገርኩም። የቤቱን ዋጋ ያረክስብኛል ብዬ።»

ሉቃስ ከረጢቱን መሬት አኖረ። መሬቱን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ ግድግዳውን ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌውን ፊት ለፊት አያቸው።

«ለዚህ ነዋ!» አለ። «አፈሩ ዝናብ ሲጠጣ ይነሣል፣ በጋ ሲሆን ይሰምጣል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ከሌላው በላይ ይሰምጣል። ቧንቧው የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ከውሲም አልተሳሳተም፤ እኔም ብሠራው ለከርሞ ይሰነጠቅ ነበር። ቧንቧው ከዚህ ግድግዳ መውጣት አለበት ጋሽ ጉተማ። በውጭ በኩል፣ በሚታይ ቦታ ይዙር። ሽቦውን ደግሞ የመብራት ባለሙያ አውጥቶ በቱቦ ይክተተው፤ እስከዚያ መብራቱ አይነካም።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ጉተማ።

«ቆይተው እግረ መንገድህን እንዳይሉኝ» አለ ሉቃስ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበር።

«አልልም። ሌላም የሚጠገን አለኝ፤ አሁኑኑ እነግርሃለሁ፣ ዋጋህንም አሁኑኑ ንገረኝ። ቢፍቱና ቲቸር ምስክር ናቸው።»

ሐጀራና ልጅዋ የዚያን ቀን ማታ ጋሽ ጉተማ ቤት፣ ደረቁ ክፍል ውስጥ አደሩ፤ ሥራው እስኪያልቅም እዚያው ቆዩ። ሉቃስ ሲሠራ ሽማግሌው ራሱ ላይ አልቆሙም። እግራቸው ወደዚያ እየሳባቸው ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ከመደፈኑ በፊት ሲጠሩ ብቻ ሄደው አዩ፤ ቢፍቱም በአጎቷ ስልክ ፎቶውን አነሣች። ሰርግ ነው እንዴ ያለ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ቤት ለሚያከራዩ ሁሉ ነው፤ እኔም አከራይ ነኝ፣ በዚህ ሰፈር ብዙ ነን። ያ ግድግዳ መስከረም ሳይጠባ ደረቀ፤ ሕፃኗንም ሳሉ ተዋት። ባለሙያ የሚያውቀው ሙያውን እንጂ የእኛን ቤት ታሪክ አይደለም፤ ታሪኩን የምናውቅ እኛ ነን፣ ዛሬ የሚሆነውን የሚያውቀው ደግሞ የሚኖርበት ሰው ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተነጋገሩ ቤቱ በየክረምቱ ይታመማል። ሲነጋገሩ ግን ጋሽ ጉተማ ያገኙትን ያገኛሉ፤ አንድ ሥራ አንዴ ይሠራል፣ ተከራይ በግቢው ይረጋል፣ ባለሙያውም ሲጠራ ስልኩን ያነሣል። ዘንድሮ ከውሲ እንኳ ታርቆ መጥቶ የሽንት ቤቱን መስመር ሠርቶላቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው እንደወጣ ወደ ልጆቹ መመለሱ ነው፤ ለዚህ ዋጋ አላወጣለትም።

በታኅሣሥ ደግሞ ከጋሽ ጉተማ ጋር ሙህዲን ሱቅ ተገናኘን። አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀሶ ይገዛል፤ የሚያከራየው ቤት ግድግዳ ረጥቦበት ባለሙያ ጠርቷል። ሙህዲን ችግሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውየው እየሳቀ «ባለሙያ አይደለ? ራሱ ይወቀው!» አለ።

ጋሽ ጉተማ ቀና አሉ። «ወንድሜ፣ ንገረው።»

«ምን ልንገረው አባቴ?»

«የምታውቀውን ሁሉ። የማታውቀውን ደግሞ ተከራይህን ጠይቅ።»

«እርስዎ የዚህ ሥራ ሰው ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም» አሉ ጋሽ ጉተማ። «እኔ የሰው ነፍስ ያዳነች ሴት፣ ስለ ተናገርኩ አታስወጣኝ ብላ የለመነችኝ ሰው ነኝ።»

ሰውየው ሳቁን ተወ። ጀሶውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ወደ ደጃፉ ሄደ፤ በሩ ላይ ቆሞ የተከራዩን ስም ሲጠራ ሰማሁት።